የአምናውን ቅጠል ፍለጋ

ልጄ፣ መልእክትህን ያነበበችልኝ አክስትህ ናት፤ የኔ ዓይን ስልክ ላይ ያለ ፊደል መለየት ከተወ ቆይቷል። ፒፓ መጀመርህን፣ በአምስት ወር ውስጥ ስድስት ዓይነት ትምባሆ መሞከርህን፣ አንዱም ልብህን እንዳልሞላው ጽፈህ፣ ቀጥሎ የትኛው እንደሚሻል እንድነግርህ ጠይቀሃል። አንብባ ስትጨርስ ስልኩን አልጋው ላይ ወርወር አድርጋ «በል መልስለት፤ መምህሩ አንተው ነህ» አለችኝ። ለማመስገን ብላ እንዳልሆነ ይገባሃል። 26 ዓመት ጭሴን ስትጠጣ የኖረች ሴት ናት።

ተቆጥቼ እንዳልጀምር ራሴን ይዣለሁ። ሽማግሌ ሲቆጣ ጎረምሳ ጆሮውን እንደሚደፍን ከራሴ አውቃለሁና። ደግሞም ጥያቄህ ካሰብኸው በላይ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ኒያላ ከጀመረ ኒያላ እንዳለ ያረጃል። ፒፓ የያዘ ሰው ግን ለምን አንዱን ይዞ አይቀመጥም? ለምን ቆርቆሮው ሳያልቅ ሌላ ቆርቆሮ ይከፍታል?

ጂንካ የመጣሁት በ1974 ዓ.ም. የእርሻ ሠራተኛ ሆኜ ነው። ዛሬ የአሪ ዞን ከተማ የሆነችው ጂንካ ያኔ በጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር፣ በገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ውስጥ ነበረች። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማው መሀል፣ ሣር ሜዳ ላይ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ልጆች ከብቱን ያስወጡ፣ አውሮፕላኑ ሲነሣ ከብቱ ተመልሶ ይግጥ ነበር። ከጎጃም ለመጣ ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ትምባሆው ነበር። እኛ ቤት ትምባሆ በበጎ አይነሣም። አጼ ዮሐንስ አራተኛ አጫሽን በብርቱ ይቀጡ እንደነበር አያቴ ትናንት የሆነ አስመስለው ያስፈራሩን ነበር። እዚህ አንዲት የአሪ እናት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ቅሉ ውስጥ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ጋያዋን ትስባለች፤ ስታልፍ ታየህና ሸምበቆውን በእጇ ጠረግ አድርጋ «እንካ» ትልሃለች። ነውር የለም፣ መደበቅ የለም።

እኔ ቀድሞ በሥልጠና ላይ ሳለሁ በግስላ ሲጋራ ተለክፌአለሁ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ፒፓውን ከግማሽ ቆርቆሮ ትምባሆ ጋር ትቶልኝ ሄደ። መጥፎ ስጦታ ብዬ አላማርረውም፤ ሰውየው ወድዶኝ ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜ ገበያ ልውሰድህ፤ መልሱ ግማሹ እዚያ ነውና። የጂንካ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ የቀይ አፈር ሐሙስ፣ የቱርሚ ሰኞ። ከአሪ ደጋ የሚወርዱት ሴቶች ቆጮውን፣ ኮረሪማውን፣ ዝንጅብሉን ይዘው ይመጣሉ፤ ፍግ በጠገበ ጓሯቸው ያበቀሉትን ትምባሆም ከጎኑ መደብ መደብ አድርገው ይደረድራሉ። ገዢው ባናም ይሆናል፣ ሐመርም፣ ከማጎ ማዶ የመጣ ሙርሲም። ገዢ ሲመርጥ አይተህ አታውቅም! ቅጠሉን ያነሣል፤ መዳፉ ላይ ፈርፈር ያደርገዋል፤ ያሸታል፤ ከዚያ የራሱን ማጨሻ አውጥቶ ይጠቀጥቅና፣ ከቡና ሻጯ ፍም ለምኖ፣ ሁለት ጊዜ ስቦ ዝም ይላል። ሴትየዋ አፍ አፉን ታየዋለች። ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው መደብ ይሄዳል። አንድ ቀን እንዲህ አድርጎ አምስት መደብ ያዳረሰ የባና ሽማግሌ አግኝቼ፣ በሰው አስተርጉሜ፣ ምን ዓይነት ትምባሆ እንደሚፈልግ ጠየቅሁት።

«የአምናውን» አለኝ።

ሻጯ ሰምታ ሳቀች። «የአምናውማ ጭስ ሆኗል!»

ያን ጊዜ እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ ነገሩ አልገባኝም። በኋላ ስቆይ ነው የገባኝ። ያ ሽማግሌ አዲስ ቅጠል የሚሞክረው አዲስ ፈልጎ አይደለም። የአንዷ ጓሮ ከሌላዋ ጓሮ አንድ አይሆንም፤ ዝናብ የበዛበት ዓመት ቅጠል ልል ነው፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ የደረቀውና ፀሐይ የመታው አይገናኙም። ቅጠሉ ራሱ ስለሚለዋወጥበት፣ የለመደውን ለማግኘት በየገበያው መቅመስ ግዴታው ነው። ሲያገኝ ደግሞ ይቆማል፤ የዓመቱን ይገዛና ይሄዳል።

የኔና ያንተ ነገር ግልባጩ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ ትምባሆ ቀማሚው ዋነኛ ሙያው የዓመቱን ልዩነት መደበቅ ነው። ከብዙ አገር ቅጠል ሰብስቦ፣ አንዱ ሲሳሳ በሌላው እየሞላ፣ የዛሬ አሥር ዓመት የገዛኸውና ዛሬ የምትገዛው አንድ ዓይነት እንዲሆን ያደርጋል። እና እኛ የማይለወጥ ነገር እጃችን ሲገባ ምን አደረግን? ለውጥ ፍለጋ ወጣን። ሽማግሌው በሚለዋወጥ ቅጠል መሀል አንዱን ይፈልጋል፤ እኛ የማይለዋወጠውን ይዘን ሌላውን እናሳድዳለን።

ልዩነቱ የለም እያልሁህ አይደለም፤ አለ፣ ውብም ነው። ቨርጂኒያ የሚሉት ቅጠል በጋለ ቤት ውስጥ ቶሎ ስለሚደርቅ ስኳሩ አብሮት ይቀራል፤ ይጣፍጣል፤ ተቻኩለህ ከሳብኸው ግን ምላስ ይለበልባል። በርሌ በነፋስ ብቻ ለሳምንታት ስለሚደርቅ ስኳሩን ይጨርስና የተቆላ ለውዝ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ ከአሪ ጓሮ ቅጠል ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። ላታኪያ ስሙን ያገኘው ከሶርያ ወደብ ነው፤ በእንጨት ጭስ ታጥኖ ስለሚዘጋጅ፣ ስታጨሰው ጢስ የጠገበ የገጠር ቤት ውስጥ የገባህ ይመስልሃል። ከአሜሪካ ሉዊዚያና ደግሞ በርሜል ውስጥ ታምቆ የሚብላላ ፔሪክ የሚሉት አለ፤ ቁንጥር ብቻ ነው የሚጨመረው፣ እንደ ሚጥሚጣ። ቱሪስቱም፣ ተመራማሪውም፣ የእርዳታ ሠራተኛውም በጂንካ ባለፈ ቁጥር ከእነዚህ አምጣልኝ እያልሁ እለምን ነበር። አንድ ጊዜ አክስትህ ቁም ሣጥኑን ስታጸዳ 17 ቆርቆሮ ቆጠረች። ያለቀ አንድም አልነበረም።

ልብ ብለህ ከሆነ የአዲስ ቆርቆሮ የመጀመሪያ ሦስት ፒፓ ከሁሉ ይበልጣል። ከዚያ ይደበዝዛል፤ አንተም ትምባሆው ላይ ታሳብባለህ። ቅጠሉ ምንም አልሆነም። አፍንጫ የለመደውን ሽታ መስማት ይተዋል። እንግዳ ሲገባ የሚሸተው የገዛ ቤትህ ሽታ ለአንተ እንደማይሸትህ ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጭሱ ራሱ ማሽተቻህንና መቅመሻህን ቀስ በቀስ ያደነዝዛል። ስለዚህ አጫሹ እየበረታ የሚሄድ መዓዛ ይፈልጋል፤ ያደነዘዘውን ያንኑ ነገር ጨምሮ ይገዛል። ነገሩን አስበው እስቲ!

የራሴን ነገር የገለጠልኝ አንድ ዝናብ ነው። 1981 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ። የጂንካ ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት እንደሆነ ታውቃለህ፤ እንደ ጎጃም ክረምት አይምሰልህ። ያን ዓመት ከአርባ ምንጭ በኮንሶና በወይጦ የሚመጣው መንገድ በጭቃ ተዘጋ፤ የሣር ሜዳውም ረግረግ ሆኖ አውሮፕላን ቀረ። ስኳር ጠፋ፣ ነጭ ጋዝ ጠፋ፣ የኔም ቆርቆሮዎች ሻግተው ተጣሉ። ሁለት ወር ሙሉ የቀረኝ ከአንዲት ሴት መደብ የገዛሁት አንድ ጥቅል የአሪ ቅጠል ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ተነጫነጭሁ። በሁለተኛው፣ አንዱ ቅጠል ውስጥ ብዙ ቅጠል እንዳለ ማየት ጀመርሁ፤ የጠዋቱ ከማታው ይለያል፣ ርጥቡ ከደረቁ ይለያል። ደስ አለኝ፣ ፈላስፋ የሆንሁ መሰለኝ። አክስትህ ከአንድ ጀበና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስታወጣ ማንም ሦስት ዓይነት ቡና አምጪ አይላትም ብዬ ለጓደኞቼ ሰበክሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ግን ጉንፋን ያዘኝ። አፍንጫዬ ጥርቅም አለ። ቆሎ ብበላ አሸዋ፣ ወጥ ብበላ ውኃ ሆነብኝ፤ የምግብ ፍላጎቴ ተዘጋ። ፒፓውን ግን በቀን እንደ ወትሮው ስድስት ጊዜ እሞላለሁ። ምንም አይሸተኝም፣ ምንም አይጣፍጠኝም፣ አጨሳለሁ። አንድ ማታ በኩራዝ ብርሃን ለሰባተኛ ጊዜ ስሞላ እጄን አየሁት። መዓዛ አዋቂ ነኝ እል ነበር፤ ታዲያ መዓዛ የሌለውን ጭስ የሚስበው ይህ ማነው? ጣዕሙ የመጣ የሄደ እንግዳ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ኒኮቲኑ ነው። 17ቱ ቆርቆሮ ባለቤቱን እንዳላይ የተዘረጋ መጋረጃ ነበር። ሲጋራ አጫሹ ሱሰኛ መሆኑን ያውቃል፤ ኒያላውን ያለ ወግ ያጨሳል። የፒፓ ሰው ግን አዲስ ቆርቆሮ በከፈተ ቁጥር ሱሰኛነቱን ይረሳና ቀማሽ ይሆናል።

እና «ጭሱን ወደ ሳንባዬ አልስበውም» ብለህ እንዳትመልስልኝ። እንደ በርሌና እንደ አሪ ቅጠል በነፋስ የደረቀ ትምባሆ ኒኮቲን በአፍ ቆዳ ራሱ ይገባል፤ ሳይዋጥ ደም ይደርሳል። የጋያው ውኃም ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጥበውም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በ1981 ነው አልሁህ። ያቆምሁት በ2002። መሀሉን አስላው፤ 21 ዓመት! ማወቅና መተው ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ የበለጠ ልነግርህ አልችልም። መንገዱ ሲከፈት ቆርቆሮው ተመልሶ መጣ፤ እኔም ተመልሼ ቀማሽ ሆንሁ። ያስቆመኝ ከታችኛው ከንፈሬ ውስጥ የወጣ ነጭ ነገር ነው። ሐኪሙ ቆርጦ አወጣውና «ፒፓው ሁልጊዜ የሚቀመጠው በየትኛው በኩል ነው?» አለኝ። በዚያው በኩል ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ወደ ክፉው አልተለወጠም፤ ግን ውጤቱን የጠበቅሁበትን አሥራ ሁለት ቀን ለጠላቴም አልመኝም።

ካቆምሁ ከሁለት ወር በኋላ ጠዋት ኩሽና ስገባ አክስትህ ኮረሪማ ስትወቅጥ ደረስሁ። ሽታው እንደ ሰው መታኝ። ስንት ዓመት በዚህ ቤት ኮረሪማ ሲወቀጥ ኖሯል! ያን ሁሉ ቆርቆሮ ስመዝን፣ ይህ ይበልጣል ያኛው ያንሳል ስል፣ ዳኛው አፍንጫዬ ግማሽ በድን ነበር።

አሁን ጥያቄህን ልመልስ። ሰባተኛውን አትግዛ። ከላክኸው ፎቶ ላይ አክስትህ እንዳነበበችልኝ ሁለቱ ቫኒላና ቼሪ የተጨመረባቸው ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ እንደከለከለና ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ማንኛውንም ትምባሆ መሸጥ እንደማይፈቅድ ሻጭህ ሳያውቅ አይቀርም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ጣዕሙ የሚጨመረው ለማን እንደሆነ አውቀዋል። ንግድ ነው፤ የድሮው ትምባሆ ሞኖፖላችን እንኳ ዛሬ ከ70 በመቶ በላዩ የጃፓን ኩባንያ ነው፣ ያን ያህል ገንዘብ ለበጎ አድራጎት አይወጣም።

አልሰማህም ካልህ ደግሞ፣ ጎረምሳ ነህና፣ አንድ ነገር ብቻ ለምኜሃለሁ። ከስድስቱ አንዱን ምረጥ፤ አምስቱን ለእኔ ስጠኝ፣ ጉድጓድ ውስጥ እቀብራቸዋለሁ። አንዱን ብቻ ሁለት ወር አጭስ። ሲሰለችህ አትቀይር። ጉንፋን ሲይዝህ እጅህን ተመልከት።

የድሮ ፒፓዬን እንድልክልህ ጽፈሃል። የለም። አክስትህ መጥረጊያው ጀርባ ያስቀመጠችው መስሎኝ ብፈልግ፣ ለካ ሚስማር መትታበት ለዶሮዎቹ ማንጠልጠያ አድርጋዋለች። ይልቅ ለፋሲካ ና፤ ቅዳሜ ገበያ አብረን እንወርዳለን። ያ የባና ሽማግሌ ካረፈ ቆይቷል። ሴትየዋም አርጅታለች፤ ትምባሆውን ለልጇ ትታ ኮረሪማ ብቻ ትሸጣለች፤ ከእሷ ነው የምገዛው። ስመለስ ግን የልጅቱ መደብ ጋ ጎንበስ ብዬ አንድ ቅጠል መዳፌ ላይ ፈርፈር አደርግና አሸታለሁ። የዘንድሮው ልል ነው፤ ዝናቡ በዝቶበታል። ይህችን ለአክስትህ እንዳትነግራት።