በግሩፕ ለምትነግዱ ልጆች

ልጆቼ፣ መነገዳችሁን አልቃወምም። ለአንዲት ጠባብ ሱቅ ስንት ኪራይ እንደሚጠየቅ አውቃለሁ፤ በስልኩ ጫማ እየሸጠ ታናናሾቹን የሚያስተምር ልጅም በሰፈራችን አለ። ለብዙዎቻችሁ ቴሌግራም ሱቅም መጋዘንም ሆኗል። የእኔ ምክር ለሌላ ጉዳይ የተሰበሰበ ሰው መሃል ገብታችሁ ስለምትለጥፉት ማስታወቂያ ነው።

የእድራችን ግሩፕ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ማለዳ ጸሐፊው የአንዲት ጎረቤታችንን ዕረፍት፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ጻፈ። «ነፍስ ይማር» የሚለው ተደርድሮ ሳያልቅ «ኦርጂናል የቱርክ ብርድ ልብስ! ፍሪ ዴሊቨሪ! ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ከነፎቶው ጋጋታ መጣ። መርዶው ወደ ላይ ተገፍቶ ከዓይን ራቀና ሰው «ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» እያለ ይደውል ጀመር። ልጁ ክፋት አስቦ አይደለም። ያንኑ መልእክት ለብዙ ግሩፕ በአንዴ ፎርዋርድ ሲያደርግ እኛ ዘንድ ምን እየተባለ እንደሆነ አላየም፤ ጥፋቱም አለማየቱ ነው። ለቅሶ ድንኳን ገብቶ ብርድ ልብስ እንደማይዘረጋ እኮ እርግጠኛ ነኝ፤ አሳዳጊ አለው።

ይህ አመል በእናንተ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1994) ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የተባሉ፣ በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት የሚኖሩ ባልና ሚስት ጠበቆች ዩዝኔት በሚባለው የያኔው የኢንተርኔት መወያያ ላይ ማስታወቂያ ለቀቁ። የሚያስተዋውቁት ደግሞ እኛ አሳምረን የምናውቀውን ዲቪ ሎተሪ ነበር፤ ያኔ ማንም ሰው በፖስታ ብቻ በነፃ ሊልከው የሚችለውን ማመልከቻ በክፍያ እንሙላላችሁ አሉ። መልእክቱ ከ5,000 በላይ በሆኑ የውይይት ቡድኖች ተለጠፈ፤ የሚወያዩት ስለ ሙዚቃ ይሁን ስለ ኮምፒውተር ግድ አልሰጣቸውም። አንድን ጽሑፍ ለብዙ ቡድን በጋራ መለጠፊያ መንገድም ነበር፤ በዚያ ቢለጥፉት አንባቢው አንዴ አይቶት ያልፍ ነበር። እነሱ ለየቡድኑ ለየብቻ ስለለጠፉት ግን አምስት ቡድን የሚከታተል ሰው አምስት ጊዜ አየው። የቁጣው ምላሽ ከመብዛቱ የተነሳ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪያቸው ኮምፒውተር ደጋግሞ ሥራ አቆመ፤ ድርጅቱም መስመራቸውን ዘጋው።

ገንዘብ አላገኙበትም ብዬ አልዋሻችሁም። አግኝተንበታል ሲሉ ነበር፤ እንዲህ እየተሠራ እንዴት እንደሚከበር የሚያስተምር መጽሐፍም ጻፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የቴነሲ ግዛት የካንተርን የጥብቅና ፈቃድ ነጠቀ፤ ከምክንያቶቹ አንዱም ይኸው ማስታወቂያ ነበር። የጠበቃ ትልቁ ሀብት ስሙ ነው። የእናንተም እንደዚያው ነው፤ ዕቃውን በእጁ ሳይነካ በቴሌብር ገንዘብ የሚልክላችሁ ሰው ሌላ ምን መያዣ አለው?

እንግዲህ ከመለጠፋችሁ በፊት ግሩፑ አናት ላይ የተሰካውን ደንብ አንብቡ። ደንብ ከሌለ አድሚኑን በውስጥ መስመር አስፈቅዱ፤ «አይሆንም» ካለም አትከራከሩ። ሲፈቀድላችሁ አንዴ ለጥፉ፤ አንድ ፎቶ ይበቃል። ዋጋውን እዚያው ጻፉት። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትሉት ነገር ለእኔ እስካሁን አልገባኝም፤ ገዢው የሚጠረጥረው ሰው እያያችሁ ዋጋ እንደምትጠሩ ነው፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ከአባላት ዝርዝር ስም እየለቀማችሁ ያልጠየቃችሁን ሰው በግል አታስቸግሩ፤ ሳታስፈቅዱም ወደ ራሳችሁ ግሩፕ አታስገቡት።

ከሁሉ የምጠላውን ልጨምር። አንዷ «ይህን ክሬም ተጠቅሜ ፊቴ ጠራ» ብላ ትጽፋለች፤ ሌላ ስም ያለው «ውይ፣ የት ይገኛል?» ይላል፤ ሦስተኛው ስልክ ቁጥር ያስቀምጣል። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። ይህ ከነውርም ያልፋል፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሻጭ ከሆናችሁ «የምሸጠው እኔ ነኝ» በሉ። መሸጥ ምን ያሳፍራል?

ግሩፕ ውስጥ የምትታዩትም ስትሸጡ ብቻ አይሁን። ቧንቧ ሠራተኛ ለሚፈልግ የምታውቁትን ጠቁሙ፣ ለታመመ «እግዜር ይማርህ» በሉ። እንዲህ የሚያደርግ ልጅ የሚሸጠውን ዕቃ ሲለጥፍ ማንም ፊቱን አያጠቁርም፤ እንዲያውም ለዘመዱ ሼር ያደርግለታል።

አድሚን የሆናችሁ ደግሞ ለማስታወቂያ የታወቀ ቀን ስጡ፤ ቅዳሜ ይሁን ከተባለ ቅዳሜ ይሁን። ሠርቶ አዳሪ ልጆችን ጨርሶ መከልከል ደግ አይደለም። ከቀኑ ውጪ የተለጠፈውን ግን የማንም ይሁን የማን አጥፉት፤ የእህታችሁ ልጅ የለጠፈው ቢሆንም።