ከፎቶው ውጪ የቆሙት

ቡና እስኪፈላ ለእንግዳ አልበም ማቀበል የአገራችን ደግ ልማድ ነው። እንግዳው ይገልጣል፤ ባለቤቷ ከጎኑ ተቀምጣ ታስረዳለች። “ይሄ አጎቴ ነው፤ ይቺ የክርስትና ልጁ ናት፤ ይሄ ደግሞ የድሮው ቤታችን።” አልበሙ ሲዘጋ እንግዳው ከቤተሰቡ አልፎ ከተማውንም ያወቀ ይመስለዋል። እኔ የምለው ግን፣ አልበሙ ውስጥ የሌለው ሰውስ? ለፎቶ የሚከፍለው ያልነበረው፣ ወይም “ና አንተም ቁም” የሚለው ያጣ ሰው፣ በዚያ ከተማ አልኖረም ማለት ነው?

ይህን የምጠይቀው የቆላ ልጅ ስለሆንኩ ነው። አገሬ ገንዳ ውሃ ናት፤ ሸኽዲ ብላችሁ የምታውቋት፣ ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ከተማ። የቤታችን ትልቁ ቅርስ ወንድ አያቴ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ የተነሣው ፎቶ ነው። ከኋላው በቀለም የተሳለ የአትክልት ቦታ አለ፤ እሱ በትሩን ይዞ እንደ ሹም ቆሟል። ፎቶው በወጣ ቁጥር ሴት አያቴ አንድ ታሪክ ታስከትል ነበር። “ከደጋ ስንወርድ እኮ ይሄ አገር ባዶ ጫካ ነበር። እኛ ነን ያቀናነው።”

አንድ ቀን ታሪኩን ስታረዝመው፣ በበጋ ውሃ ጥም ሊፈጃቸው እንደነበርና አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ምንጭ እንዳሳያቸው አወጋችኝ።

“እማዬ፣ ባዶ ከነበረ ሽማግሌው ከየት መጣ?” አልኳት።

“እሱማ እዚያው የሚኖር ነዋ!”

“ታዲያ ባዶ አልነበረማ!”

“ኧረ ወዲያ! ባዶ ማለቴ የኛ ሰው አልነበረም ማለቴ ነው” ብላ ሳቀች።

አያቴ ውሸታም አልነበረችም። ሽማግሌውን አልደበቀችውም፤ ውለታውንም አልካደችም። ስሙን ግን አታውቀውም፤ ፎቶም የለውም። የቤተሰብ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የራሱን ሰው በፍሬም ሰቅሎ ባለውለታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል።

የመተማን ታሪክም የምናወራው እንደዚሁ ነው። መተማ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን አጼ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ መውደቃቸው ነው። የድንበሯ ከተማ መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች፤ ይገባልም። ከዚያ ጦርነት በፊት ግን መተማ ጎንደርንና ሱዳንን የምታገናኝ ትልቅ ገበያ ነበረች። ብዙዎቹ ነዋሪዎቿ ተክሩሮች ነበሩ፤ ከዳርፉርና ከዚያም ከራቀው ምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ለሐጅ ሲመላለሱ እዚያው የቀሩ ሰዎች። ቡናው፣ ጥጡ፣ ሰሙ ይሸጥባታል። ሰውም ይሸጥባት ነበር። በዚያ ገበያ ተሸጣ ወደ ሱዳን የተነዳችው ልጅ ፎቶ የላትም፤ “አያቴ ናት” የሚላት የልጅ ልጅም እዚህ የላትም። ታዲያ እሷን ማን ያስታውሳት?

ፎቶ ቢኖርስ? ፎቶ ካሜራ የያዘውን ሰው ዓይን ይከተላል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ፎቶ ያነሡት አምባዋን ካቃጠለው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ወታደሮች ናቸው። የዚያን ዘመን መቅደላ እንይ ስንል በአቃጣይዋ ዓይን ነው የምናያት።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። ኮኒግስበርግ የምትባል የፕሩሲያ ከተማ ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየት ኅብረት ወሰዳት፤ በ1946 እ.ኤ.አ. ስሟ ካሊኒንግራድ ተባለ። የተረፉት ጀርመኖች ተባረሩ፤ ሩሲያውያንና ሌሎች የሶቪየት ሰዎች ሰፈሩባት። ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለውጭ ሰው ስትከፈት የድሮዎቹ ልጆች አርጅተው፣ አሮጌ ፎቶ ይዘው የአባታቸውን ቤት ፍለጋ መጡ። በሩን የሚከፍትላቸው ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ሁለቱም “ልጅነቴ እዚህ ነው” ቢሉ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የዚያች ከተማ ልጅ የነበረው ፈላስፋው ካንት በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላቂ ሰላም ሲጽፍ፣ ከመነሻው ማንም ሰው በምድር ላይ ከሌላው የበለጠ መብት የለውም ብሎ ተከራክሮ ነበር። መቃብሩ ዛሬም እዚያው ካሊኒንግራድ አለ።

“ታዲያ ማንም መጥቶ ቤቴን ይውሰድ?” የሚለኝ አይጠፋም። የለም፤ የተባረረ ሰው ተበድሏል፤ ፎቶውን ደረቱ ላይ ቢለጥፍም አይፈረድበትም። ነገር ግን ፎቶው የሚመሰክረው እሱ እንደነበረ ነው፤ ሌላው እንዳልነበረ አይመሰክርም። ይህን ስንረሳ ናፍቆታችን ሳናውቀው የይዞታ ማረጋገጫ ይሆናል። “አያቴ እዚህ ቆሞ ነበር” ማለት “ስለዚህ አንተ ውጣ” ወደማለት ይዞራል። በ2011 ዓ.ም. በአካባቢያችን በአማራና በቅማንት መካከል ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል፣ “ማን ቀደመ?” የሚለው ክርክር አንድም ልጅ ወደ ቤቱ አልመለሰም።

እኔ በወንድ አያቴ ፎቶ ጀርባ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፤ “ምንጩን ያሳያቸው አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ነው። ስሙ አልተጠየቀም።” ትንሽ ነገር ናት። ቢሆንም ፎቶውን የሚወርስ ልጅ ጀርባውን ያነባል።

ቆላችን ዛሬም መንገድ ናት። በደርግ ዘመን የኛ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በዚያው መንገድ ሱዳናውያን ወደኛ መጡ፤ የጥለውት የመጡትን ቤት ፎቶ በሞባይላቸው የያዙም አሉ። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የልጅ ልጆቻችን የዘመናችንን ፎቶ ሲያገላብጡ እነዚህን ሰዎች ያገኟቸው ይሆን? ካላገኟቸውም “ያኔ እዚህ ማን ነበር?” ብለው ይጠይቁ ይሆናል። “የኛ ሰው ብቻ” የሚል መልስ ግን አናውርሳቸው።