ከሰው ፈቀቅ ማለትና ሰውን መጥላት

በግራና ላሉ ምእመናን ልቅሶው፥ ሰርጉ፥ ማኅበሩና ሰንበቴው የፍቅር ማሰሪያ ነው። ነገር ግን ጠበል ጸዲቁን ቀምሶ ቶሎ የሚነሣው ዝምተኛ ወንድም (እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ደብር የለም) ትዕቢተኛ ይባላል፤ እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም። ሐዋርያት ከስብከት ተመልሰው፥ ከሰው ብዛት የተነሣ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፥ ጌታችን ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ እንዳዘዛቸው ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 6 ጽፎልናል። ሆኖም ሕዝቡ ቀድሞ ቢጠብቀው አዘነለት እንጂ አላባረረውም። በወሎም በ13ኛው መቶ ዓመት የሐይቅ እስጢፋኖሱ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከዓለም ተለይተው ሳሉ ደቀ መዛሙርትን ያስተምሩ ነበር። እንግዲህ ወንድማችን ከድግስ ቀርቶ በቤቱ ቢጸልይ እንተወው፤ እርሱም ጎረቤቱ ኀዘን ሲደርስበት ዕረፍቱን ትቶ ይሂድ። በዚያም ብዙ መናገር አያስፈልገውም፤ ከኀዘንተኛው አጠገብ መቀመጡ ይበቃል።