የመሸበት እንግዳ

ልጄ፣ እሑድ ዕለት ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ስልክሽን ዘርግተሽልኝ «አባባ፣ እስቲ ወጣ ያለ ፊልም ይምረጡልኝ፤ መጀመሪያውን አይቼ መጨረሻውን የማውቀው ሰለቸኝ» ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ዝም አልኩሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ስለዚህ ሳስብበት ሰንብቼ ነው የምጽፍልሽ። ፊልሞቹን ስትፈልጊ እንዳይጠፉብሽ ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጬልሻለሁ።

በወጣትነቴ ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ ሲኒማ ቤት ባትሪ ይዤ ሰው አስቀምጥ እንደነበር ታውቂያለሽ። የህንድ ፊልም ሲመጣ ወንበር አይበቃም፤ ሰዉ እየዘፈነ ገብቶ እያለቀሰ ይወጣል። አንድ ማታ ግን ከየት እንደመጣ ያላወቅነው፣ ንግግር የለውም የሚባል ያህል ዝም ያለ ፊልም ተከፈተ። አንድ ሰው በገጠር መንገድ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አሁንም ይሄዳል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፉጨቱ ቀለጠ። «ገንዘባችንን መልሱ!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ሰዉ በየረድፉ እየተነሣ ወጣ። መጨረሻ ላይ መብራት ሲበራ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ብቻ መሐል ላይ ተቀምጠዋል። «አባቴ፣ እርስዎ ወደዱት?» አልኳቸው። «መውደዱን እንጃ፤ ታዲያ ሰውዬው ቤቱ ሳይደርስ ጥዬው ልሂድ?» አሉኝ።

ይህችን ንግግር ይዣት አረጀሁ። በአገራችን የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ እየተባለ ደጃፍ ላይ አይመረመርም። ይገባል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ ወሬው ከእራት በኋላ ነው። ወጣ ያለ ፊልምም እንዲሁ የመሸበት እንግዳ ነው። እናንተ የዛሬ ልጆች ግን እንግዳውን ገና ከደጅ «ታሪክህ ምንድን ነው? ቶሎ በል!» እያላችሁ ታስጨንቁታላችሁ፤ አምስት ደቂቃ ዝም ካለ ደግሞ በአውራ ጣት ገፍትራችሁ ታስወጡታላችሁ። ልጄ፣ ግማሽ ሰዓት ስጪው። መጀመሪያ እግሩን ይታጠብ።

ከአጭሩ ጀምሪ። ሴኔጋላዊው ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ በ1994 የሠራው «ለ ፍራን» 45 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሴኔጋልና ጎረቤቶቿ የሚገበያዩበት የሴፋ ፍራንክ ዋጋ በአንድ ጊዜ በግማሽ ወርዶ ነበር። ፊልሙ የሚጀምረው ኑሮ እንዲህ በተናጋበት ጊዜ ነው። ማሪጎ የሚባል ድሃ ሙዚቀኛ የቤት ኪራይ ስላልከፈለ አከራይቱ የሙዚቃ መሣሪያውን ትይዝበታለች። እሱም ሎተሪ ይቆርጣል፤ እንዳይጠፋበት ብሎ ቲኬቱን በሩ ላይ በማጣበቂያ ይለጥፈውና በላዩ ላይ አንድ የሚያከብረውን ጀግና ሥዕል ይለጥፍበታል። ዕጣው ወጣለት። ቲኬቱ ግን አልላቀቅ አለ። ምን ያድርግ? በሩን ነቅሎ ተሸክሞ በዳካር ከተማ መሐል ወደ ሎተሪ ቢሮ ጉዞ ጀመረ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ስትሰሚ አድገሻል። እኔ ይህን ተረት ዕድሜ ልኬን ስናገረው ኖሬ፣ ሞኙና ወረቀቱ በአንድ በር ላይ ተጣብቀው ሲሄዱ ያየሁት በዚህ ፊልም ነው። ከሩቅ ሲታይ በሩ ራሱ እግር አውጥቶ የሚራመድ ይመስላል። ትስቂያለሽ፤ መሳቅሽ ደግ ነው። ግን ስትስቂ አንድ ነገር ልብ በይ፦ ሰውዬው ሀብት አገኘሁ ብሎ ሲወጣ ቤቱን ያለ በር ትቶት ነው የሄደው። ማምቤቲ ይህን በቃል አይነግርሽም፤ እንግዳ አክባሪ ከሆንሽ ግን ታይዋለሽ። በሩን ይዞ ባሕር ዳር ሲደርስ የሚሆነውን አልነግርሽም። ማምቤቲ ስለ ተራ ሰዎች ሦስት ተከታታይ ፊልም ለመሥራት አስቦ ነበር። ሁለተኛው በክራንች እየሄደች ጋዜጣ የምትሸጥ የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው፤ እሱን ቀርጾ በ1998 ሞተ፤ ሦስተኛው ሳይሠራ ቀረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና ስለ ሌላ በር ልንገርሽ። ፈረንሳዊው ዣክ ታቲ በ1967 «ፕሌይታይም» የሚባል ፊልም ሠርቷል። ለዚህ ፊልም ሲል ከፓሪስ ዳር መንገድና ሕንፃ ያለው ትንሽ ከተማ አስገነባ፤ ዕዳውም ለዓመታት ጎብጦ የሚሸከመው ሸክም ሆነበት። አንድ ሬስቶራንት የሚመረቅበት ማታ ነው፤ የመስታወቱ በር ይሰበርና ዱቄት ይሆናል። በር ከፋቹ ግን እጀታውን ብቻ በእጁ ይዞ በር እንዳለ ሁሉ ለእንግዶቹ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንግዶቹም ምንም እንዳልጎደለ እየገቡ ይወጣሉ። ይህን ፊልም በስልክ እንዳታዪው አደራ! በአንድ ጊዜ አሥር ቦታ አሥር ነገር ነው የሚሆነው፤ መዳፍ በምታክል መስታወት አይታይም። ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው ጓደኛ ፈልጊ፤ ጠፍቶም ከሆነ እስኪገኝ ይቆይ።

ዋሽንግተን ያለችው እህትሽ ደግሞ የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» እንድታየው ንገሪልኝ። በ2005 በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ የተሸለመ ነው። በወጣትነቱ ሴት ሲያሳድድ ኖሮ በስተርጅና ሶፋ ላይ ብቻውን የቀረ አንድ አሜሪካዊ፣ ፊርማ የሌለበት ሮዝ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የ19 ዓመት ልጅ አለህ ይላል። እሱ ከሶፋው አይነሣም። የሚያስነሣው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ዊንስተን ነው፤ ሦስት ሥራ የሚሠራ፣ አምስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው። የጉዞውን ዕቅድ ያወጣለታል፣ ካርታ ያዘጋጅለታል፣ መንገድ ላይ እንዲያደምጠው የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን የእኛን ብሂል አንድ አሜሪካዊ እንዲህ አድርጎ በፊልም ይሠራዋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ዊንስተንን የሚጫወተው ጄፍሪ ራይት አሜሪካዊ ነው፤ ሥራ በሥራ ላይ ደርቦ ለሰው ጉዳይ የሚሮጠውን የአገራችንን ሰው ግን አልሳተውም። ከ30 ዓመት በላይ አስቀድሞ የተቀዳው የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» በዚያ ረጅም አስፋልት ላይ ሲሰማ፣ ስደት ያለ ሰው ሆዱ መባባቱ አይቀርም።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመልስሽ። ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ በ2015 እዚሁ አገራችን በአማርኛ የሠራው «ክራምብስ» አለ፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። 68 ደቂቃ ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ የቀሩ ጥቂት ሰዎች የድሮውን ዘመን ትርፍራፊ እየለቀሙ ይኖራሉ። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ሰው በለቀቀው የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ የሚኖሩ ፍቅረኞች ናቸው። ሰማይ ላይ ደግሞ ስንት ዘመን ዝም ብላ የተንሳፈፈች መርከብ አለች። ዳሎልን፣ ያን ቢጫና አረንጓዴ የጨው ምድር፣ ብዙ ጊዜ በፎቶ አይተሻል፤ አንድ ትንሽ ሰው ብቻውን ሲያቋርጠው ግን ሌላ ነው። ልጅቷ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን የማይክል ጆርዳንን ምስል እንደ ቅዱስ ሥዕል ስትለማመነው መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ገባኝ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ዕቃችንን ሲያገኝ ምን እናመልክ እንደነበር በምን ያውቃል? የምንውል የምናድርበትን አይቶ አይደል የሚፈርደው? መሐል ላይ ትንሽ ይላላል፤ እንደዚያም ሆኖ ከነመላላቱ እወደዋለሁ።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላልና፣ ይህን የሠራው የውጭ ሰው መሆኑ ቅር ካሰኘሽ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፈልጊ። በ1976 የወጣ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሄድ ነው። ባለርስቱ ተቀምጦ ያዛል፣ ጭሰኛው ያርሳል። አገሬው እብድ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ያየውን ይናገራል። ይህን በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ ጦር ሜዳ የመዋል ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ አድርጊው።

ከሁሉ አስበልጬ የምሰጥሽን እስካሁን አልነገርኩሽም። ዴቪድ ሊንች ቅዠት በሚመስሉ ፊልሞቹ ነው የሚታወቀው። በ1999 ግን «ዘ ስትሬይት ስቶሪ» የሚባል አንድ የዋህ ፊልም ሠራ። ታሪኩ እውነት ነው። አልቪን ስትሬይት የሚባሉ የ73 ዓመት አዛውንት በ1994 ወንድማቸው ታመመ ሲባል ሰሙ። ዓይናቸው ደክሞ መንጃ ፈቃድ አያገኙም፤ የሚሄዱትም በሁለት ከዘራ ነው። ስለዚህ በሣር ማጨጃ ማሽን ላይ ተቀምጠው፣ ከኋላ ተጎታች አስረው፣ ከአዮዋ ወደ ዊስኮንሲን ተጓዙ። መንገዱ 380 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደሴ ለመግባት ጥቂት እንደሚቀር ያህል ነው። ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ይኸው ነው። አልቪንን የተጫወተው ሪቻርድ ፋርንስወርዝ በቀረጻው ጊዜ ራሱ የካንሰር ሕመምተኛ ነበር፤ ሲራመድ የምታዪው ሥቃይ ትወና ብቻ አይደለም።

መንገድ ላይ ከቤቷ የጠፋች አንዲት ነፍሰ ጡር ልጅ እሳታቸው ዳር ትመጣለች። አልቪን አይቆጧትም፣ አይመክሯትም። ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ አንድ አንድ እንጨት ሰጥተው ስበሩ ይሏቸው እንደነበር፣ በቀላሉም ይሰብሩት እንደነበር ያጫውቷታል። ከዚያ እንጨቶቹን አንድ ላይ አስረው ሲሰጧቸው ግን አቃታቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለውን ሰውዬው በእንጨት ተናገሩት። ሲነጋ ልጅቷ የለችም፤ እሳቱ አጠገብ ግን አንድ ላይ የታሰሩ እንጨቶች አስቀምጣ ሄዳለች። አንድ ቃል የለም። እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ መነጽሬን አወልቃለሁ።

አልቪንና ወንድማቸው በፊልሙ ውስጥ አሥር ዓመት ተኳርፈው ነው የከረሙት። አባትሽና አጎትሽም በዚያ በውርስ ቤት የተነሣ መነጋገር ካቆሙ ስምንት ዓመት ሊሆን ነው። ሽማግሌ ሆኜ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ሁለቴም ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል አልኳቸው፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ እንጂ ከወንበራቸው አልተነሡም።

ስለዚህ ይህን ፊልም ብቻሽን አትዪው። ቅዳሜ አባትሽ እራቱን በልቶ ጋቢውን ሲደርብ በትልቁ ቴሌቪዥን ክፈቺለት። አንድ ሽማግሌ የሣር ማጨጃ ይዘው የሚሄዱበት ፊልም ነው በይው፤ ማሽን ስለሚወድ አይነሣም። ስለ አጎትሽ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ንግግር የለም ማለት ይቻላል፤ አንቺም እዚያ ላይ አትናገሪ፣ ዞረሽም አትዪው። ሲኒማ ቤት እሠራ በነበረበት ጊዜ መብራቱ ቶሎ ሲበራ ፊታቸውን የሚጠርጉ ወንዶች ይደነግጡ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱን ቶሎ አታብሪ።