ሁለት መክሊት የቀረለት ሯጭ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ገብር ኄርን ታስባለች። የሚነበበውም ወንጌል ጌታቸው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጥቷቸው ስለ ሄደ አገልጋዮች የሚናገረው ነው (ማቴ. 25፥14-30)። በ1961 ዓ.ም. ይህ እሑድ መጋቢት 14 ቀን ዋለ። በዋዜማው፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ። ከመኪናዋ ሥር ያወጡት ሲነጋ ነው።

ይህን የቀን መገጣጠም እንደ ምልክት ቆጥረን ልንተረጉመው አንደፍርም። ይሁን እንጂ የዚያ ሰው ታሪክና የዚያ እሑድ ወንጌል ጎን ለጎን ሲነበቡ አንዱ ሌላውን ያብራራልና በዚህ እትም አብረን እናነባቸዋለን።

አበበ አምስት መክሊት የተቀበለ ሰው ነበር ብንል አናጋንንም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገራችን አዲሱን ዓመት ለመቀበል በተሰናዳችበት ምሽት፣ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ በቶኪዮ ዳግመኛ አሸነፈ። በሜክሲኮ በ1961 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ግን የግራ እግሩ አጥንት ተሰንጥቆ ስለ ነበር ውድድሩን ግማሽ ሳያደርስ አቋረጠ፤ ወርቁም ለወገኑ ለማሞ ወልዴ ሆነ። ከአምስት ወር ያህል በኋላ ያ የመኪና አደጋ ደረሰ።

የእግር አጥንት ስብራትን ወጌሻም ሐኪምም ያውቀዋል። በሚገባ ታስሮ ወይም በጀሶ ተይዞ ከቆየ በሳምንታት ውስጥ አዲስ አጥንት እያቆጠቆጠ ይገጥማል። በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ግን አንድ ጊዜ ክፉኛ ከተጎዳ እንደ አጥንት መልሶ አይገጥምም። አበበ በመጀመሪያ እጆቹን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ሲታከም ቆይቶ እጆቹ ዳኑ፤ እግሮቹ አልዳኑም። በሁለት እግሩ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደም።

በዚያ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል በ1944 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ሉድቪግ ጉትማን እንደ እኛ ስደተኛ ነበሩ፤ ከናዚዎች ያመለጡ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሐኪም። ከእሳቸው በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ በአልጋ ቁስልና በኩላሊት መመረዝ እስኪሞት ይጠበቅ ነበር። እሳቸው ሕሙማኑ ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረጉ፤ ሥራም ሰጧቸው፤ ቀጥሎም ቀስት አስያዟቸው። በ1948 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ጉዳተኞች በሆስፒታሉ ሜዳ በቀስት ተወዳደሩ። ይህም ውድድር እያደገ ሄዶ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ተደረገ፤ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ በስምንተኛው ቀን በዚያችው ከተማ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ 400 ያህል ተወዳዳሪዎች ተሰበሰቡ። ነገ የሚያስፈልገው ቤት በዚያን ጊዜ እየተሠራለት እንደ ነበር አበበ በምን ያውቃል?

በ1970 እ.ኤ.አ. አበበ ራሱ በስቶክ ማንደቪል በቀስት ተወዳደረ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሳለ መመልከት ብቻ አልበቃውም፤ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር ገብቶ ቀደመ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ይህን ታሪክ ያለ ኀዘን ልናወራው አይገባም፤ የጠፋው ነገር በእውነት ጠፍቷል።

አሁን ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ባለ ሁለት መክሊቱ አገልጋይ ትርፉን ይዞ በቀረበ ጊዜ ጌታው የመለሰለት ቃል ለባለ አምስቱ ከመለሰው ቃል አንዲት ፊደል አልጎደለችበትም። ትርፉ ያንሳል፤ ምስጋናው ግን እኩል ነው። ሦስተኛውም አገልጋይ የተቆጣው የተሰጠው ጥቂት ስለ ነበረ አይደለም፤ ስለ ቀበረው ነው። እንግዲህ የሮም ወርቅና የስቶክ ማንደቪል ቀስት በሰው ሚዛን ቢራራቁም በዚያ ጌታ ፊት በአንድ ቃል ይመሰገናሉ ብለን እናምናለን።

ከገብር ኄር ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ስለ መጻጉዕ እንሰማለን (ዮሐ. 5፥1-9)። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው ሰው አልጋውን ተሸክሞ ሄደ። ይህን ሰምቶ ከሕሙማን አልጋ አጠገብ እየቆመ፣ እምነት ቢኖርህ በተነሣህ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም (2ቆሮ. 12፥7-9)፤ እምነት ጎደለው የሚለው ማን ነው? ጠበል የሚጠመቀውም፣ ሐኪም ያዘዘለትን እንቅስቃሴ በየቀኑ በሕመም የሚሠራውም፣ ሁለቱም ወደ አንድ መድኃኒት ይመለከታሉ፤ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ሲራክ ያስተምረናልና (ሲራክ 38)። አበበ ድሉን እንደ ተቀበለ አደጋውንም ከእግዚአብሔር እጅ እንደሚቀበል መናገሩ ይታወሳል። ይህን ማለት የተገባው ግን ለአበበ ነበር፤ ለጠያቂ አይደለም።

በዚህ በስደት አገር ከመካከላችን ሌሊት ታክሲ የሚነዱ፣ በመጋዘን ሸክም የሚያነሡ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሰው የሚደግፉ አሉ። በእነዚህ ሥራዎች ወገብ ይቀጫል፤ አጥንትም ይሰበራል። የተጎዳውም ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይሸሽጋል፤ ከአገር ቤት ሕመሙን፣ ከማኅበሩ ችግሩን። ይልከው የነበረው ገንዘብ ሲቋረጥ እናቱ፣ ልጄ ረሳኝ ትላለች፤ ከቅዳሴ ሲቀር ደግሞ ሰው፣ ቀዘቀዘ ይለዋል። እርሱ ግን በሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ፣ የቀረልኝ ከንቱ ነው እያለ መክሊቱን ይቀብራል።

እናንት የተጎዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ለልጆቻችን ፊደል ለማስቆጠር መቆም አያስፈልግም፤ አዲስ ለመጣ ስደተኛ ደብዳቤውን ለማንበብም እግር አይጠየቅም። ለጸሎትማ ምን እንላለን! መደገፍም በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት የሚቆሙት መቋሚያ ተደግፈው ነው። እናንት ጤነኞች ደግሞ ለጥየቃ ስትሄዱ፣ መቼ ትድናለህ ከማለት ይልቅ፣ እሑድ በስንት ሰዓት መጥተን እንውሰድህ በሉት። ከተቻለም ሁለት ጠንካራ ሰው ሆናችሁ ሂዱ፤ ፎቁ ሦስተኛ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ አምስት ደረጃ አለው። በአጠገቡ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ተዳፋት መውጫ የማሠራቱ ጉዳይ በሚመጣው የሰበካ ጉባኤ ይቀርባል፤ አናጺዎችና ግንበኞች የሆናችሁ ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊው እንድታስመዘግቡ በአክብሮት እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።