«ቆዪ፣ ፊልሙ ይለቅ»

ባለፈው ክረምት መርሳ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ በአንድ ቤት ቡና ተፈልቶ ደረስኩ። አቦሉ ሲወጣ ዱዓ ተደረገ። «በሰው አገር ያሉትን በሰላም ይመልስልን» ተባለ፤ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን «አሚን» አልን። ቶናው ሲቀዳ የሕንዱ ድራማ ጀመረ። ያን ማታ አማቲቱ ምራቷን በሌሊት ከቤት አስወጥታ በሩን ቆለፈችባት። ልጅቱ ዝናብ ላይ ቆማ በሩን ትደበድባለች፤ ካሜራው የእያንዳንዱን ሰው ፊት ደጋግሞ ያቀርባል። የቤቱ እመቤት፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። «ምነው፣ ይቺ ልጅ ሰው የላትም? እናት የላትም?» አሉ። ጎረቤቶቹ ከንፈር መጠጡ፤ አንዷ አማቲቱን ረገመቻት።

ይሄኔ ሶፋው ላይ የተጣለው ስልክ ጠራ። በኢሞ የምትደውለው ጅዳ ያለችው ልጃቸው ነበረች። ታናሽ ወንድሟ አነሣው፤ ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ቆዪ፣ ፊልሙ ይለቅ» ብሎ ዘጋው። እናትየዋ ሰምተዋል። ምንም አላሉም። ድራማው አልቆ መልሰው ሲደውሉ ስልኩ አልተነሣም።

እኔም ያን ማታ ምንም ሳልናገር ወጣሁ። መናገር ነበረብኝ።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ገበናቸውን ባልነካሁ። ነገር ግን ከመርሳ እስከ ውርጌሳ፣ ከሲሪንቃ እስከ ወልዲያ፣ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ወይም እህት የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነው። አንዷ በኮንትራት ሄዳለች። ሌላዋ በደላላ እጅ የአፋርን በረሃ አቋርጣ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን ተሻግራ፣ ከዚያ በእግሯ ሳዑዲ ገብታለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን፣ ጣሪያው ላይ የቆመው ዲሽ፣ አንዳንዱ ቤት ጣሪያው ራሱ የእሷ ላብ ነው። እሷ በገዛችው ቴሌቪዥን ምክንያት እሷን «ቆዪ» ማለት ነውር ነው። ከነውርም የከፋ ነው።

ድራማ አትዩ አልልም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር ባህላችን ጠፋ ብሎ የጮኸው ብዙ ነበር፤ የአገራችን የፊልም ሰዎችም ተቃውመው ነበር። ኋላ ዚ ዓለም የተባለው ጣቢያ የሕንዱን ይዞ መጣ። የእኔ ጠብ ከዚህ ጋር አይደለም። ቀኑን ሲለፋ የዋለ ሰው ማታ ቁጭ ብሎ ታሪክ ቢያይ ይገባዋል፤ ለተበደለች ምራት ማልቀስም የደግ ልብ ነው። የምገሥጸው ያ ደግ ልብ የገዛ ልጁን ዘሎ ሲሄድ ነው።

እስቲ ያን እንባ እንመርምረው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሕንድ የተጀመረ፣ ስምንት ዓመት የዘለቀና ከ1,800 ክፍል በላይ የሄደ ዝነኛ ድራማ ነበር። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አማትም አንድ ጊዜ ምራት ነበረችና» እንደ ማለት ነው። ደራሲዎቹ ሚሂር የተባለውን ዋና ገጸ ባሕርይ ገደሉት። ተመልካቹ አለቀሰ፤ ተቆጣ፤ መልሱልን አለ። መለሱትም። ድራማ ውስጥ የሞተ ሰው ተመልካች ካለቀሰለት ይነሣል።

በ2004 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ እየተደበደበች በግድ ወደ መኪና ስትጎተት ዓለም ሁሉ በቪዲዮ አይቷል። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ከቀናት በኋላ በተኛችበት ሆስፒታል ሕይወቷ አለፈ። እሷን የሚመልስ ደራሲ የለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ፣ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው እዚያው ቆንስላ በር ላይ እየጣሏቸው ሄዱ። በሩ ተቆልፎባት ውጭ የቆመች ልጅ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ እነዚህ ነበሩ። ሕንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ጅዳ ያለችው ልጅ ያን ማታ ለምን እንደ ደወለች አናውቅም። የምናውቀው ኑሮዋን ነው። ፓስፖርቷ አሠሪው ዘንድ ሊሆን ይችላል፤ ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየርም ሊከብዳት ይችላል። ስልክ የምትይዘው ማዳም ስትፈቅድላት፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ዕቃው ታጥቦ ሲያልቅ ነው። ያገኘቻት ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት። ድራማው ግን በማግሥቱ ይደገማል። ባይደገምም የጎረቤት ልጅ ታሪኩን ትነግራችኋለች።

ደግሞ እንዴት ረሳን? ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና መርሳ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው መብራትና ስልክ በጠፋበት ጊዜ፣ እነዚህ ልጆች በሰው አገር ወጥ ቤት ውስጥ ሆነው ወራት ሙሉ የማይሠራ ቁጥር ይደውሉ ነበር። እናታቸው ትኑር ትሙት ሳያውቁ የሰው ልጅ አዝለው እያባበሉ አለቀሱ። መንገዱ ተከፍቶ ስልኩ የተመለሰ ዕለት የመጀመሪያው ጥሪ የእነሱ ነበር። ያኔ ድምፃችሁን ለመስማት ወራት የጠበቀች ልጅ ዛሬ ድምፃችሁን ስታገኝ የምትሰማው «ቆዪ» ነው?

አባቶችና ወንድሞች፣ ይህ የሴቶች ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። «ፊልሙ ይለቅ» ብሎ ስልኩን የዘጋው ወንድ ልጅ ነው። ብዙዎቻችሁ ከእሷ ጋር የምታወሩት ሐዋላው ሲዘገይ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ብሩ መቼ ይደርሳል?» ነው፤ ሁለተኛውም ስለ ብር ነው። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው ሲመለሱ፣ ባዶ እጇን ቤት የደረሰች ልጅ በገዛ ወንድሟ ዐይን እንደ ዕዳ መታየቷን ሰፈሩ ያውቃል።

ወሎ ለባይተዋር ማደሪያ የማይነፍግ አገር ነው ስንባል ደስ ይለናል። ባይተዋር የሆነችው ግን የገዛ ልጃችን ናት፤ ማደሪያም አልለመነችንም፤ የለመነችው ስልክ እንድናነሣላት ነው።

ዛሬ ማታ ትደውል ይሆናል። ቴሌቪዥኑን አጥፉት፤ ድምፁን መቀነስ አይበቃም። ስልኩን እናትየዋ ራሳቸው ያንሡት። ስለ ብሩ አትጠይቋት። በልታ እንደ ሆነ ጠይቋት፤ እጄን አሞኛል ብላ ነግራችሁ ከነበር እሱን ጠይቋት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሟት፤ ስልኩን መጀመሪያ እሷ ትዝጋው።