በረዶና የተማሪ ቤት ጣራ

በረዶ የእግዚአብሔር መዓት ነውን፥ ወይስ ፍጥረት በተሠራለት ሥርዓት መሄዱ ነው? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን በበልግ ወይም በሰኔ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ በመርካቶ ላይ በረዶ ሲወርድ፥ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የላከ የጎጃም በረንዳ ነጋዴ ሁሉ፥ ፊደል ቢቈጥርም ባይቈጥርም፥ በልቡ የሚያነሣው ነው። ከጎጃም ወጥቶ በዚህ ሰፈር የተቀመጠው ሰው በረዶን ያወቀው በማሳ ላይ ነበር፤ የደረሰ ገብስ ሲያጋድምበት አይቶ ከጎረቤቶቹ ጋር ምህላ ይዟል። በከተማ ግን ማሳ የለውም፤ በረዶው የሚያርፈው በልጆቹ ራስ ላይ በተዘረጋው ቆርቆሮ ነው።

መዓት ነው የሚሉ ወገኖች ኦሪት ዘፀአትን ይጠቅሳሉ፤ በምዕራፍ 9 የተጻፈው መቅሠፍት የግብፅን ተልባና ገብስ እንዳጠፋ እሙን ነው። ሆኖም በዚያው ምዕራፍ ማስጠንቀቂያው በረዶውን እንደ ቀደመ፥ ከፈርዖን ሹማምንትም ቃሉን የፈራው አገልጋዮቹንና ከብቶቹን ወደ ቤት ሲያስገባ ያልፈራው በሜዳ እንደ ተዋቸው ልብ ይሏል። ስለዚህ በዚያ ቀን ፈሪሀ እግዚአብሔር የታወቀው ነፍስን ከጣራ በታች በማስጠለል ነበር፤ መዓቱ ራሱ መጠለያን አዘዘ እንጂ አልከለከለም።

ጣራ ግን የሚጠብቀው ሲጠበቅ ነው። አዲስ የወረደ አመዳይ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ያህል ሲመዝን፥ የተከመረ የበረዶ ጠጠር ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ በሁለት ክዳን መጋጠሚያ ተጠራቅሞ አሸንዳውን ሲደፍን፥ ተከትሎት የሚወርደው ዝናብ መውጫ አጥቶ በላዩ ይተኛል፥ ምስጥ የበላው የባሕር ዛፍ ወራጅም የሁለቱን ሸክም በአንድነት ይቀበላል። በ2006 እ.ኤ.አ. በፖላንድ በካቶቪትሴ የአንድ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ጣራ ወድቆ 65 ሰዎች ሲሞቱ፥ ከጥፋቱ ጋር የተነሡት የንድፍ ጉድለትና ሳይጠረግ የቀረው አመዳይ ነበሩ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ናቸው ከሚል ሐሜት አድኗቸዋል። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፥ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ያዝዛል። ሁለቱ ቃላት በአንድነት ሲታሰቡ ፍርዱ ይገለጣል፦ ጣራ የወደቀበት ሕፃን ስለ ኃጢአቱ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ጣራውን የሠራውና የሚጠብቀው ነው።

ክረምት ሲቃረብ ትምህርት ቤት ይዘጋል ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ የበልጉና የሰኔው በረዶ ልጆች በክፍል ሳሉ ይመጣልና። የወላጆችና የመምህራን ኅብረት በበጋው አናጢ አስወጥቶ ወራጁን ቢያስፈትሽ፥ የላላውን ሚስማር ቢያስመታ፥ አሸንዳውን ቢያስጠርግ፥ ማዕበሉም በመጣ ጊዜ ልጆቹ ወደ ጽኑው ክፍል እንዲሻገሩ አስቀድሞ ቢወስን፥ ይህ ሁሉ የእምነት ጉድለት ሳይሆን የእምነት ሥራ ነው። በረዶው ከየት እንደ መጣ መመርመር ለነገረ መለኮት ይቆይ፤ ስለ ወራጁ ግን መልስ መስጠት የእኛ ዕዳ ነው።